ጉርጥና እንቁራሪት ግቢያችሁ ገብተው እንዲኖሩ፦ ለጎንደር ግቢ የሚሆን ዝርዝር መመሪያ

አምና ነሐሴ ላይ የውሃ ቆጣሪ ሊያነብ የመጣው ልጅ የሳጥኑን ክዳን ገለጥ ከማድረጉ ወደ ኋላ ዘለለ። ደብተሩ ጭቃ ላይ ወደቀ። ሳጥኑ ውስጥ፣ የቆጣሪው መስታወት ላይ፣ ቡጢ የሚያህል ጉርጥ ሆዱን ዘርግቶ ተቀምጧል። ከጉሮሮው በቀር የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። «ጋሼ፣ ይሄን ነገር ያንሱልኝና ላንብብ» አለኝ። በሁለት እጄ አንስቼ ጎመኑ ሥር አስቀመጥኩት። ልጁ ፊቱን አጨማደደ፤ እኔ ግን ደስታዬን መደበቅ አቃተኝ። ያን እንግዳ ሁለት ክረምት ሙሉ ስጠብቀው ነበርና።

እስኪመጣ ድረስ ግን ብዙ አበላሽቻለሁ። ከዚህ በታች የምጽፈው ያኔ ቢነገረኝ ኖሮ የምላቸውን ነገሮች ነው። ለምን ትደክማለህ ለሚለኝ መልሴ አጭር ነው፤ ጉርጥና እንቁራሪት ሌሊቱን ሙሉ ትል፣ ጥንዚዛ፣ ምስጥ፣ ፌንጣና ቅጠል የሚበላውን ዛጎል የለሽ ቀንድ አውጣ ሲለቅሙ ያድራሉ። ጎመኔ ላይ መድኃኒት መርጨት ካቆምኩ ቆይቻለሁ። ማታ ማታ ሲጮሁ መስማትም ለእኔ ደስታ ነው፤ ሚስቴ ግን በዚህ አትስማማም።

መጀመሪያ፦ የሌላ አገር መመሪያ አትከተሉ

ስለዚህ ጉዳይ የተጻፈው አብዛኛው ነገር የአውሮፓ ነው። እዚያ ሰው ኩሬ የሚቆፍረው በተለይ ኒውት የሚባለውን እንስሳ ለመሳብ ነው። ኒውት እንሽላሊት የሚመስል፣ ረጅም ጅራት ያለው፣ ቆዳው ግን እርጥብ የሆነ የእንቁራሪት ዘመድ ነው። ሴቷ እንቁላሏን አንድ በአንድ በውሃ ተክል ቅጠል ጠቅልላ ትደብቃለች። ደስ የሚል ፍጥረት ነው፤ ግን እኛ አገር የለም። በአፍሪካ እሱና ዘመዶቹ ያሉት ሰሜን ጫፍ ላይ፣ በሞሮኮ፣ በአልጄሪያና በቱኒዚያ ብቻ ነው። ከሰሐራ ወዲህ አንድም የለም። ስለዚህ ጎንደር ላይ ኩሬ ዳር ጅራት ያለው ነገር ካያችሁ ወይ እንሽላሊት ነው፣ ወይ ገና እግር ያላወጣ የእንቁራሪት ግልገል ነው።

ኩሬው በብርዱ ወራት እስከ ታች በረዶ እንዳይሆን በጥልቀት ቆፍሩ የሚለውም ምክር ለእኛ አይሠራም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ብትሆንም ኩሬዋ በረዶ አይሠራም። የእኛ ጣጣ ሌላ ነው፤ ውሃው ከሰኔ እስከ መስከረም ይትረፈረፍና ከጥቅምት እስከ ግንቦት ይጠፋል። የምትሠሩት ሁሉ በዚህ ዙሪያ ነው የሚሽከረከረው።

ኒውት የለንም ብሎ ማዘን አያስፈልግም። ኢትዮጵያ ውስጥ ከ70 በላይ የእንቁራሪትና የዘመዶቹ ዝርያዎች አሉ፤ ከሦስቱ አንዱ ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ፣ በሌላ አገር አይገኝም። ደቡብ ምዕራብ ጫካ ውስጥ እግር የሌለው፣ የአፈር ትል የሚመስል ዘመዳቸውም አለ። እሱ እኛ ዘንድ አይደርስም።

ማን ይመጣል?

በአማርኛ ሁሉንም «እንቁራሪት» ብለን እናልፋለን፤ መጽሐፍ ቅዱሳችንም «ጓጉንቸር» ይላቸዋል። ግቢ ውስጥ ግን ለይቶ ማወቁ ይጠቅማል፤ የሚፈልጉት ነገር አንድ አይደለምና።

የሣር እንቁራሪት አፍንጫው ሹል፣ እግሩ ረጅም፣ ጀርባው ላይ ከላይ ወደ ታች የወረደ ሽንትር ያለው ነው። ስትጠጉት አንዴ ተስፈንጥሮ ከዓይን ይጠፋል። ይህ ዓይነቱ በደጋው ሣር ሜዳ ላይ የተለመደ ነው፤ ውሃ ዳር ረጅም ሣር ካገኘ ብዙ አይጠይቅም።

ጉርጥ ቆዳው ሻካራ ነው፤ ከዓይኖቹ ኋላ ያበጠ ዕጢ አለው፤ ከመዝለል መሄድ ይቀናዋል። ዓመቱን ሙሉ ውሃ አያስፈልገውም። ቀን ድንጋይ ሥር ወይም አፈር ውስጥ ይደበቃል፤ ውሃ የሚገባው ሊራባ ብቻ ነው። እንቁላሉም ይለያል፦ የእንቁራሪት እንቁላል እንደ ተልባ ልጥልጥ ባለ ነገር ተሸፍኖ፣ ተሰብስቦ ወይም ነጠላ ነጠላ ሆኖ ይገኛል፤ የጉርጥ ግን በረጅም ክር ላይ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ተሰካክቶ ሣሩ ላይ ይጠመጠማል።

ሦስተኛው ጥፍራም እንቁራሪት ነው። ሰውነቱ ጠፍጣፋ፣ ዓይኖቹ ወደ ላይ ያፈጠጡ፣ ምላስ የሌለው፣ የኋላ እግር ጣቶቹ ላይ ጥቁር ጥፍር ያለው ነው። ከውሃ እምብዛም አይወጣም፤ ዝናባማ ሌሊት ሲሆን ግን ከኩሬ ወደ ኩሬ በእግሩ ይሄዳል። ግልገሎቹ እንደ አምባዛ ዓሣ ከአፋቸው ዳር ሁለት ክር ያወርዳሉ፤ ውሃው መሃል አንገታቸውን ደፍተው ተንጠልጥለው ሲንቀጠቀጡ ታያላችሁ። ይህኛው የሌሎቹን ግልገል ይበላልና ከመጣ የኩሬው ጌታ እሱ ይሆናል።

ደረጃ 1፦ ቦታና ጊዜ

የሚቆፈረው ግንቦት ነው። መጋቢት ላይ ዋልካው እንደ ድንጋይ ይደርቃል፤ ዶማው ይነጥራል፤ ጉልበታችሁን ትጨርሳላችሁ። ግንቦት ላይ አንድ ሁለት ካፊያ ጥሎ አፈሩ ሲለዝብ ጀምሩና ሰኔ ከመግባቱ በፊት ጨርሱ። የመጀመሪያዎቹ ዶፎች ሲወርዱ እንቁራሪቶች ለመራባት ይንቀሳቀሳሉ፤ በዚያ ሰዓት ውሃ የያዘ ጉድጓድ ካገኙ ይገባሉ፤ ካለፋችሁ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለቀጣዩ ክረምት ትጠብቃላችሁ።

ቦታው ጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ፣ ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያርፍበት ይሁን። ፀሐይ ከሌለ አረንጓዴው የውሃ ሽበት አይበቅልም፤ ግልገሎቹ የሚበሉት ደግሞ እሱን ነው። ከባሕር ዛፍ ሥር አትቆፍሩ። ቅጠሉ ዘይታም ነው፤ ውሃው ውስጥ ሲበሰብስ ውሃውን ሻይ ያስመስለዋል፣ ሥሩም ያለውን እርጥበት ይመጠዋል። ከቤት መሠረት ቢያንስ 3 ሜትር ራቁ። ከሁሉም በላይ ግን ልብስ ከምታጥቡበት ቦታ ራቁ፤ ግቢው ተዳፋት ከሆነ (ጎንደር ውስጥ ያልተዳፈተ ግቢ የት አለ?) ኩሬው ከማጠቢያው በላይ ይሁን እንጂ በታች አይሁን። እንቁራሪት በቆዳው ይተነፍሳል፣ በቆዳውም ውሃ ይጠጣል። ኦሞና በረኪና የነካው ውሃ ኩሬው ውስጥ ከገባ በቀጥታ ሰውነቱ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ከመንገድ የሚወርድ ጎርፍም የመኪና ዘይት ይዞ ይመጣልና እንዲገባ አትፍቀዱ።

ደረጃ 2፦ ቁፋሮው

ለመካከለኛ ግቢ 2 ሜትር በ1.5 ሜትር፣ መሃሉ 50 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ጉድጓድ ይበቃል። ቀጥ ያለ ግድግዳ ያለው ሣጥን አትቆፍሩ። ይህን ስህተት ብዙ ሰው ይሠራል፤ ያማረ ይመስላል፤ ግን ገብቶ መውጣት የማይቻልበት ወጥመድ ነው። ግልገሉ እግር ሲያወጣ መሬት መውጣት አለበት፤ አለበለዚያ ይሰምጣል። እንቁራሪት ይሰምጣል ሲባል የሚስቅ አለ፤ ግን እውነት ነው።

ስለዚህ ዙሪያውን 30 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው፣ 10 ሳንቲ ሜትር ብቻ የሚጠልቅ መደብ ተዉ። ከዚያ ወደ 25 ሳንቲ ሜትር አውርዱ፤ ከዚያ መሃሉን ወደ 50። አንዱን ጎን ደግሞ መደብ ሳይሆን ለጥ ያለ መንደርደሪያ አድርጉት፤ በየ10 ሳንቲ ሜትሩ ጥልቀት 30 ሳንቲ ሜትር ወደ ውጭ ይሂድ። ግልገሎቹ የሚሰበሰቡት እዚያ ነው፤ ቀጭኑ ውሃ ቶሎ ይሞቃል።

ጠርዙን በውሃ ልክ አስተካክሉ። ቀጥ ያለ ጣውላ ከዳር እስከ ዳር አጋድሙና ውሃ ልኩን ላዩ ላይ አስቀምጡ። እኔ በዓይኔ ገምቼ ትቼው ነበር። ሲሞላ በአንድ በኩል አንድ ስንዝር ላስቲክ ፀሐይ ላይ ቀረ፤ በሌላው በኩል ውሃው እየሞላ ወደ ጎረቤት አጥር ፈሰሰ። ይቅርታ መጠየቅም ነበረብኝ።

ትንሽ ልጅ ያለበት ቤት 50 ሳንቲ ሜትርም አደጋ ነው። ልጆቹ እስኪያድጉ 20 ሳንቲ ሜትር በሚጠልቅ ኩሬ ጀምሩ፤ ለሣር እንቁራሪት ያም ያገለግላል። ያም ቢሆን ላዩን በጠንካራ የሽቦ መረብ ሸፍኑ፤ የመረቡ ዓይን ጉርጥ የሚያሳልፍ ይሁን። ቦታ የሌለው ደግሞ አሮጌ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ እስከ አፉ ቀብሮ፣ ውስጡ ድንጋይ እንደ ደረጃ ደርድሮ ይሞክር። የኬሚካል በርሜል ግን ቆርጣችሁ አትጠቀሙ፤ የቱንም ያህል ብታጥቡት።

ደረጃ 3፦ ውሃ እንዳይሰርግ

ሦስት አማራጭ አለ። ገበሬዎች ለመስኖ ኩሬ የሚያነጥፉት ጂኦመምብሬን ከሁሉ ይሻላል፤ ፀሐይ ቶሎ አይበላውም። ተራ ስስ ላስቲክ በርካሽ ይገኛል፤ ግን ፀሐይ ያደርቀዋል፣ ብዙም ሳይቆይ ይሰነጠቃል። መጠኑ እንዲህ ይሰላል፦ ርዝመቱ፣ ሲደመር ሁለት ጊዜ ጥልቀቱ፣ ሲደመር ለጠርዝ በእያንዳንዱ ጎን 30 ሳንቲ ሜትር። ለኛ ኩሬ 2 ሲደመር 1 ሲደመር 0.6፣ ማለትም 3.6 ሜትር ይሆናል፤ ወርዱ ደግሞ 1.5 ሲደመር 1 ሲደመር 0.6፣ 3.1 ሜትር። ከሥሩ ስለት ያለውን ድንጋይ ሁሉ ለቅማችሁ አሮጌ ብርድ ልብስ ወይም የእህል ጆንያ አንጥፉ። የማዳበሪያ ጆንያ አይሁን። ላስቲኩ ላይ ደግሞ ሁለት ጣት የሚሆን አፈር በትኑበት፤ ባዶ ላስቲክ ያንሸራትታቸዋል።

ሁለተኛው ዋልካውን ራሱን አርሶ እንደ ቤት ጭቃ በእግር እየረገጡ መጠቅጠቅ ነው። ጉልበት ላለው ጥሩ ነው፤ ግን በበጋ ሲደርቅ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታልና በየዓመቱ ግንቦት ላይ እንደገና ይረገጣል። ሦስተኛው ሲሚንቶ ነው። እኔ አልመክረውም። አዲስ ሲሚንቶ ኖራውን ወደ ውሃው ስለሚለቅ ግልገል ይፈጃል፤ የግድ ከሆነ ሞልታችሁ ሳምንት አቆይታችሁ ድፉ፣ ይህንም ደጋግሙት።

ደረጃ 4፦ የትኛው ውሃ?

የሰማይ ውሃ። ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ነው።

ከቆርቆሮው አሸንዳ በቱቦ ወደ ኩሬው አምጡ። 20 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 10 ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ 200 ሊትር ነው፤ የሚፈሰውና የሚተነው ተቀንሶ 160 ሊትር ይደርሳችኋል እንበል። ጎኖቹ ተዳፋት ስለሆኑ ኩሬያችን የሚይዘው ወደ 750 ሊትር ነው። አምስት ጥሩ ዝናብ ሞላው ማለት ነው፤ ሰኔ አጋማሽ ላይ ይሞላል። የወቅቱን የመጀመሪያ ዝናብ ግን አታስገቡ፤ የበጋውን አቧራና የወፍ ኩስ አጥቦ ይሂድ።

የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው። አሁን ወደ ትልቁ ጥፋቴ መጣሁ። በመጀመሪያው ዓመት ትዕግሥት አጣሁና ከወንዝ ዳር አርባ የሚሆኑ ጥቁር ግልገሎች በሃይላንድ ቀድቼ አመጣሁ። ዕለቱ የፈረቃችን ቀን ስለነበር ኩሬውን በጎማ ሞልቼ፣ እንዳይጠብቡ ብዬ፣ ወዲያው ለቀቅኳቸው። ጠዋት ስነሳ ውሃው ላይ ነጭ ሆዳቸውን ገልብጠው ተንሳፍፈዋል። ልጄ «አባዬ፣ ተኝተው ነው?» አለችኝ። የቧንቧ ውሃ የግድ ከሆነ ሰፊ አፍ ባለው ዕቃ ክዳኑን ከፍታችሁ ሁለት ቀን ፀሐይና አየር ላይ አቆዩት፤ ጀሪካን ውስጥ ተከድኖ ቢሰነብት ግን ክሎሪኑ አይወጣም።

ከዚያ በኋላ የገባኝ ደግሞ ክሎሪኑ ባይኖርም ማምጣቴ ራሱ ስህተት እንደነበረ ነው። ኪትሪድ የሚባል የእንቁራሪት ቆዳ ፈንገስ አለ፤ በብዙ አገሮች ዝርያዎችን የጨረሰ ነው፤ በኢትዮጵያ ደጋዎችም ተገኝቷል። ከአንድ ውሃ ወደ ሌላ የሚያዛምተው እንደኔ ያለ ችኩል ሰው ነው። ከወንዝ በተቀዳ ውሃ ደግሞ የቢልሃርዝያ ትል የምትሸከመው ትንሽ ቀንድ አውጣ አብራ ልትመጣ ትችላለች፤ ልጆች እግራቸውን የሚነክሩበት ኩሬ ውስጥ እሷን ማስገባት ዕብደት ነው። ስለዚህ ከቀሃም፣ ከአንገረብም፣ ከሌላም ወንዝ ውሃ፣ ግልገል ወይም ጭቃ አታምጡ። እንቁራሪት በራሱ ይመጣል። አፍንጫው ውሃ ያሸታል፣ እግር አለው።

ደረጃ 5፦ ምን ይተከል?

ቄጠማ። መደቡ ላይ ተክሉት፤ ሥሩ ውሃ ውስጥ፣ ቅጠሉ ውጭ። እንቁላል የሚጠመጠምበት እሱ ነው፤ ግልገል የሚደበቅበትም፣ እግር አውጥቶ ተንጠላጥሎ የሚወጣበትም። ለበዓል ገበያ መውጣት ይቀራል፤ ሚስቴ ከኩሬው ጋር የታረቀችው በዚህ ነው። ስታጭድ ግን ከሥሩ አንድ ጋት ትተዋለች፣ ግማሹን ዙሪያም ሳትነካ ታልፋለች። ፊላ ካላችሁ በሸክላ ውስጥ ይሁን፤ አለበለዚያ በሁለት ዓመት ኩሬውን ይሞላዋል። ደንገል ያምራል፤ ለትንሽ ኩሬ ግን ግዙፍ ነው።

እምቦጭን አትንኩ። ጣና ላይ ያደረገውን የማያውቅ ጎንደሬ የለም፤ አበባው ያምራል ብሎ በባልዲ ይዞ የሚመጣ ግን አሁንም አለ። የሚተከለውን ሁሉ ሥሩን አጥባችሁ፣ ቅጠሉን ገልብጣችሁ ቀንድ አውጣና ልጥልጥ እንቁላል እንደሌለው አይታችሁ አስገቡ።

ኩሬው ዙሪያ ቢያንስ በአንድ ሜትር ውስጥ ሣሩን አትጨዱ። ዓሣም አትጨምሩ። ቆሮሶ ብትሉት አምባዛ እንቁላሉንም ግልገሉንም ጠራርጎ ይበላል፤ ዓሣ ወይም እንቁራሪት፣ አንዱን ምረጡ።

ደረጃ 6፦ መደበቂያና በር

ሰው ኩሬውን ቆፍሮ ይረካል። እንቁራሪት ግን ከዓመቱ አብዛኛውን የሚያሳልፈው ከውሃ ውጭ ነው። ኩሬ ያለ መደበቂያ ጠበል ያለ ማረፊያ ማለት ነው፤ ተጠምቆ ይሄዳል እንጂ አያድርም።

ጎንደር ድንጋይ አይጠፋም። ጥላ ባለበት፣ ከኩሬው ጥቂት እርምጃ ርቆ፣ አንድ ክንድ ጉድጓድ ቆፍሩና ድንጋዩን ክፍተት እየተዋችሁ ከምሩበት፤ ላዩን በአፈርና በሣር ግማሹን ሸፍኑ። ያለ ሲሚንቶ የተካበ አሮጌ አጥር ካላችሁ ደግሞ ሥራው ተሠርቶላችኋል፤ ስንጥቁን በሲሚንቶ አትድፈኑ።

ለጉርጥ ከሁሉ የተሻለው ቤት የተሰበረ ምጣድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ። የእኛ ምጣድ ከወለቃ የመጣ ነበር፤ አንድ ቀን መሃል ለመሃል ተሰነጠቀ። ግማሹን ኮባው ሥር ሁለት ድንጋይ ላይ አጋድሜ፣ ከሥሩ እርጥብ የኮባ ቅጠል ጎዘጎዝኩ። ሸክላው ቀን ሙቀቱን ይከላከላል፣ ኮባው በበጋም እርጥበት ይይዛል። በሁለተኛው ሳምንት ቀና አድርጌ ሳየው አፈሩ ላይ ልክ እንደ ጎድጓዳ ሳህን የሰውነቱን ቅርጽ ያወጣ ጉድጓድ አለ፤ ባለቤቱም ተቀምጦበታል። መልሼ ከደንኩት። በየቀኑ እየገለጣችሁ አታስቸግሯቸው፤ ሲበዛባቸው ቤት ይቀይራሉ።

በርም ያስፈልጋል። አሁን የሚሠራው አጥር ከሥር እስከ ላይ ብሎኬትና ልስን ነው፤ ጉርጥ በየት ይግባ? ከመሬቱ ጋር እኩል አድርጋችሁ አራት ኢንች ቱቦ ቁራጭ በአጥሩ ሥር አሳልፉ። አይጥ ትገባለች የሚል ቅሬታ ይነሳል። አይጥ ያለ ቱቦም ትገባለች።

ወጥመዶቹንም ዝጉ። ክፍት በርሜል፣ የሲሚንቶ ማቡኪያ ጉድጓድ፣ የቆጣሪ ሳጥን፤ ጉርጥ ይወድቅባቸዋል፣ መውጣት ግን አይችልም። የኔን የቆጣሪ ሳጥን ከዚያ ቀን በኋላ በሦስት ድንጋይ ደረጃ ሠርቼለታለሁ።

የወባ ትንኝ ጉዳይ

ይህን በደንብ አንብቡት። ኩሬውን ስቆፍር የጎረቤቴ እናት በአጥሩ ላይ አንገታቸውን አውጥተው፣ «አንተ ልጅ፣ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉኝ።

«የእንቁራሪት ኩሬ ነው፣ እማማ።»

«በስመ አብ! የፈርዖንን መቅሠፍት በገዛ እጅህ? ለወባውስ ማን ሊጠየቅ ነው?»

በመቅሠፍቱ ሳቅን፤ የወባው ጥያቄ ግን ተገቢ ነው። ወባ የሚበረታው ቆላው ላይ፣ እንዲሁም ደምቢያ ሜዳና ጣና ዳር ነው፤ ከፍታችን ግን ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። እንቁራሪት ካለ ትንኝ የለም የሚሉትንም አትመኑ። ግልገሎቹ በብዛት የሚበሉት የውሃ ሽበት ነው፤ ትልልቆቹም ከትንኝ ይልቅ ወፈር ያለ ነፍሳት ይመርጣሉ። ትንኝን በእርግጥ የሚቀንሱት የውሃ ተርብ ልጆችና ውሃ ውስጥ የሚዋኙ ጥንዚዛዎች ናቸው፤ እነሱ ደግሞ ኩሬው ሲረጋጋ በራሳቸው ይመጣሉ።

ስለዚህ ቁጥጥሩ የእናንተ ነው። ትንኝ ከእንቁላል ተነስታ ክንፍ እስክታወጣ ከሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ይፈጅባታል፤ በየሳምንቱ አንድ ቀን፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ጠዋት፣ ነጭ ኩባያ ይዛችሁ ከኩሬው ዳር አሥር ጊዜ ያህል ቅዱ። ኩባያው ውስጥ የሚፍጨረጨር ቀጭን ትል ካለ አቀማመጡን እዩ። ውሃው ላይ ልክ እንደተጋደመ ስንጥር በጠፍጣፋው ከተኛ የወባ ትንኝ ልጅ ነው፤ ጭራውን ወደ ላይ ሰቅሎ አንገቱን ደፍቶ ከተንጠለጠለ ሌላው ዓይነት ነው። በሁለቱም ቢሆን አሮጌ ነጠላ በሽቦ ክብ ላይ ሰፍታችሁ የውሃውን ፊት ጠራርጉ፤ ያወጣችሁትን ደረቅ መሬት ላይ ድፉት። ሁለት ሳምንት ተከታታይ ካልቀነሰ ውሃውን ቀድታችሁ ጎመን አጠጡበት። የእንቁራሪት ግልገል ቢኖርም ከልጅ ጤና አይበልጥም፤ በተለይ ዝናቡ ካባራ በኋላ፣ ከመስከረም እስከ ኅዳር፣ አትዘናጉ። አጎበሩም ይዘርጋ።

ጋዝ ወይም የተቃጠለ ዘይት ውሃው ላይ ማፍሰስ ግን ትንኙንም፣ ተርቡንም፣ እንቁራሪቱንም አንድ ላይ ይፈጃል። ትንኝ የሚፈለፈልበት ቦታም ኩሬው ብቻ አይደለም፤ የተጣለ ጎማ፣ የቀለም ጣሳ፣ ያልተከደነ በርሜልም ነው። እማማን በመጨረሻ ያሳመንኳቸው የራሳቸውን ባልዲ አሳይቼ ነው።

ደረጃ 7፦ መጠበቅ

አንደኛው ዓመት ባዶ ሊያልፍ ይችላል። የኔ አልፏል። በሁለተኛው ሰኔ፣ ዶፍ ወርዶ ባባራበት ማታ፣ መጀመሪያ አንድ ድምፅ ብቻ ሰማሁ፤ ቆም ይላል፣ ይቀጥላል። በሦስተኛው ቀን ቄጠማው ሥር እንቁላል ነበር። በጥቂት ቀናት ውስጥ ይፈለፈላል፤ ከዚያ እንደ ዓይነቱና እንደ ውሃው ሙቀት ከአንድ ወር እስከ ሦስት ወር ድረስ ግልገል ሆኖ ይቆያል። መጀመሪያ የኋላ እግር ይወጣል፣ ቀጥሎ የፊቱ፤ ጅራቱ ወድቆ አይቀርም፣ ሰውነቱ ውስጥ ይገባል። ምግብ አትስጧቸው። ዳቦ የሚጥል እንግዳ ይኖራል፤ ውሃው ይሸታል፣ ያልቃሉ።

ባቄላ የሚያህሉት ትንንሾች ከውሃ በሚወጡበት ሳምንት ዶሮዎቹን አስሩ። አንድ ጠዋት ረስቼ ከፍቼ፣ አንዲት ቄብ ደርዘን ያህል ስትለቅም ደርሻለሁ። ውሻም ጉርጥ ከነከሰ በዕጢው መርዝ አፉ አረፋ ይደፍቃል፤ አፉን በውሃ አጥቡለት፣ ካልተሻለው የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ውሰዱት። ለሰው ግን መንካቱ አያስፈራም፤ ከነካችሁ እጃችሁን ታጠቡ፣ ዓይናችሁን አትሹ፣ ይበቃል። ጉርጥ የነካ እጁ ላይ ኪንታሮት ይወጣበታል ሲባል ነው ያደግነው፤ የእጅ ኪንታሮት የሚመጣው ከቫይረስ ነው።

ማላታይንና መሰሎቹን፣ የአረም ማጥፊያውንም፣ ግቢ ውስጥ መርጨት አቁሙ። ከተረጨው ትል ጋር ጉርጡም ይመረዛል፤ የአረም ማጥፊያው ላይ የሚጨመረው ሳሙና መሰል ነገር ደግሞ ግልገልን ይገድላል። የግቢውን መብራትም ሌሊት አጥፉ።

ደረጃ 8፦ በጋው

ከኅዳር ጀምሮ ውሃው ይቀንሳል። በፈረቃ ውሃ ኩሬ መሙላት ነውር ነው፤ እኔ አልሞላም። ይድረቅ። የእኛ አገር እንቁራሪት ክረምት ሞልቶ በጋ የሚደርቅ ኩሬ ያውቃል፤ መድረቁ ትንኝንም ይቆርጣል። የምትጠብቁት ውሃውን ሳይሆን እርጥበቱን ነው። አትክልት ያጠባችሁበትን፣ ጤፍ ያለቀለቃችሁበትን ውሃ፣ ሳሙና ያልነካውን ብቻ፣ ምጣዱ ሥርና ድንጋይ ክምሩ ላይ አፍሱት፤ በሁለት ቀን አንድ ጣሳ ይበቃል። የኮምፖስት ክምርም ያው ሥራ ይሠራል፤ መንሽ ስትከቱበት ግን ቀስ በሉ፣ ውስጡ የተኛ ሊኖር ይችላል።

መጋቢት ላይ፣ ውሃው ሙሉ በሙሉ ሲያልቅ፣ ከደለሉ ግማሹን ጥረጉ፤ ለቲማቲም መደብ ጥሩ አፈር ይሆናል። ሌላውን ግማሽ ተዉት፤ እርጥብ የቀረው ጭቃ ውስጥ የተቀበረ ጥፍራም እንቁራሪት ካጋጠማችሁ መልሳችሁ ሸፍኑትና በላዩ አንድ ባልዲ የቆየ ውሃ ድፉበት። ላስቲኩ የተበሳ ከሆነም የሚጠገነው አሁን ነው፤ በብስክሌት ጎማ ማጣበቂያና በቁራጭ ካላማዳሪ ሞክሬው እስከ ክረምቱ መጨረሻ ያዘልኝ።